የራህመት አደራ

ፋኢዛ ከአገሯ ውጭ፣ በአንድ የወደብ ከተማ፣ ካርቲየ 5 በሚባል ሰፈር ውስጥ ከአንድ ጨርቅ መሸጫ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር የድሬዳዋ ሴት ናት። ወደ ዶራሌ ወደብ የሚመላለሱ የከባድ መኪና ሾፌሮች በሚበሉበት ቤት ሰሃን ታጥባለች። አግብታ ፈትታለች፤ አልወለደችም። ከሥራ ስትገባ ቤት የምትጠብቃት ዳማ የምትባል የድመት ግልገል ብቻ ነበረች። ብቻዋን ስትሆን የምታዋራው እሷን ነው።

አብራት ሰሃን የምታጥብ ራህመት የምትባል የወሎ ልጅ ነበረች። ከከተማው ዳር ሃያብለ ሰፈር ውስጥ ከአብሮ አደጓ ከሐዲጃ ጋር ነው የምትኖረው። ሁለቱም ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ሳዑዲ ለመሻገር የመጡ ናቸው። ሐዲጃ ገና ከአገር ቤት ሳትነሳ ልቧ ፈርቶ ነበር፤ ጎትጉታ ያመጣቻት ራህመት ናት። ይህንንም ራሷ እየሳቀች ነበር የምታወራው።

ጀልባ መገኘቱ ሲሰማ ራህመት ካርቶን ታቅፋ ፋኢዛ ቤት መጣች። ካርቶኑ ውስጥ አንዲት ጥቁር የድመት ግልገል ተኮራምታለች። ቆሻሻ መጣያ አጠገብ አግኝታ፣ ኑግ ብላ ስም አውጥታ ያሳደገቻት ናት።

«እትዬ ፋኢዛ፣ መንገድ ላይ ልተዋት አንጀቴ አልቻለም። አደራሽን» አለች።

ሁለቱን ድመቶች በአንዴ እንዳታገናኛቸውም ነገረቻት። መጀመሪያ ለየብቻ ይቀመጡ፣ አንዷ የተኛችበት ጨርቅ ለሌላዋ ይነጠፍ፣ ሽታ ከተላመዱ ጠብ የለም አለቻት። ፋኢዛም እሺ ብላ ተቀበለች። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ነውና።

ግን መለያ ክፍል ከየት ይምጣ? ኑግን ልብስ ማጠቢያው ጥግ አስቀምጣ መጋረጃ ጋረደችባት። ጥጉ ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ ነው፤ ወሩም ያ ትኩስ የአሸዋ ነፋስ ከተማውን የሚጠብስበት ወር። ኑግ እያለከለከች ስትጮህ ፋኢዛ መታገሥ አቃታት። በማግስቱ መጋረጃውን ገለጠችው።

ዳማ ጀርባዋን ቆልምማ፣ ፀጉሯን አቁማ ተፋችባት። ኑግ አልጋ ሥር ገብታ አልወጣ አለች። ፋኢዛ መሬት ተቀምጣ፣ የተጣሉ ምራትና አማት እንደሚያስታርቅ ሰው አንዷን ስትቆጣ ሌላዋን ስታባብል ዋለች። ዓሣ ቀቅላ በአንድ ሰሃን አቀረበችላቸው። እየዋለ እያደረ መጠጋጋት ጀመሩ፤ ኋላም ዳማ የኑግን ጆሮ ስትልስ አየቻት። ያን ዕለት ፋኢዛ ብቻዋን ሳቀች።

ኑግ አንዳንዴ እንደሚያስመልሳት አይታ ነበር። ሙቀቱ ነው ብላ አልፋዋለች።

ከዚያ ዳማ መብል ተወች። ውሃው ላይ አንገቷን ደፍታ ትቆማለች፤ ግን አትጠጣም። ኑግም አጠገቧ ተዘረጋች። ጎረቤቷ ሙሐዲን በመርከብ የሚጫኑ ከብቶችን የሚከትብ ሰው ነው፤ ለምናው መጥቶ አያቸው። የድመት ወረርሽኝ ነው፣ ይዛው የመጣችውም ጥቁሯ ናት አላት። ትንሽ ለይተሻቸው ብትቆዪ ኖሮ በሽታው አንደኛዋ ላይ ብቻ ይቀር ነበር ብሎም ጨመረ። በክፋት አልነበረም፤ ጠይቃው ነው የመለሰላት።

ፋኢዛ ጨርቅ ውሃ ውስጥ እየነከረች በሁለቱም አፍ ላይ ስትጨምቅ ሰነበተች። ዳማ እጇ ላይ ሞተች። ኑግ ግን ቀና አለች፤ ዳነች።

ካርቲየ 5 ድመት የሚቀበርበት አፈር የለውም። ፋኢዛ ዳማን በነጠላዋ ቁራጭ ጠቅልላ፣ በፌስታል አድርጋ፣ ሚኒባስ ተሳፍራ ሃያብለ ወጣች። ከጎኗ የተቀመጡት ሰዎች ፌስታሉን አትክልት መስሏቸው ነበር። ከቤቶቹ ማዶ ድንጋያማ መሬት ላይ፣ መቆፈሩ እምቢ ቢላት፣ ድንጋይ ከምራባት ተመለሰች።

ከዚያ ወዲያ ኑግን ማየት አስጠላት። ስትበላ ስታያት ደሟ ይፈላል። አንድ ጠዋት ዘንቢል ውስጥ ከታ፣ አፉን በጨርቅ አስራ፣ የባዘኑ ድመቶች ወደሚሰበሰቡበት ወደ ዓሣ መሸጫው ይዛት ሄደች። ዘንቢሉን ልታስቀምጥ ስትጎነበስ ስልኳ ጠራ። የማታውቀው ቁጥር ነው። ራህመት ነበረች፣ ከየመን።

ጀልባው ዳርቻው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው እንደተገለበጠ ነገረቻት። ሐዲጃ አልወጣችም። ራህመት ወጣች። ሰው ስልክ አውሷት መጀመሪያ የደወለችው ለሐዲጃ እናት ነበር።

«ድምፄን ስትሰማ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችኝ፤ አንቺስ ለምን ተረፍሽ? አለችኝና ዘጋችው።»

ዘንቢሉ ውስጥ ኑግ ትጮሃለች።

«ድመቶቹስ ተላመዱ?» አለች ራህመት፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ።

«ተላምደዋል።»

«አይጣሉም?»

«አይጣሉም።»

ራህመት ስታለቅስ ተሰማት። ወዲያው መስመሩ ተቋረጠ።

ፋኢዛ ፀሐይ አናቷን እስኪበሳው እዚያው ቆመች። ከዚያ ዘንቢሉን አንስታ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ጨርቁን ስትፈታው ኑግ ተስፈንጥራ አልጋ ሥር ገባች። አልጠራቻትም። የሚበላ አስቀምጣላት ወደ ሥራዋ ሄደች።

ሰሞኑን ያንን ቁጥር ደጋግማ ሞክራለች። አንድ ወንድ እያነሳ ራህመት የምትባል አላውቅም ይላታል በአረብኛ፤ በመጨረሻ እሱም ማንሳቱን ተወው። ራህመት ስትደውል ስለ ዳማ እውነቱን ልትነግራት ወስናለች። ራህመት ግን እስካሁን አልደወለችም።