ለሁለት ሰው የሚሆን ክፍል

"ልጄ የምትኖረው ሣጥን ውስጥ ነው፤ እኔ ሣጥን የምገባው ስሞት ነው፣ ብለዋል አሉ እናትሽ" አለች የፀደይ ጎረቤት ኣልጋነሽ፣ አንገቷን በግቢው ግንብ ላይ አስግጋ። ይህን ወሬ ከሰኞ ወዲህ ስትደግመው አምስተኛ ጊዜዋ ነው። ኣልጋነሽ ሻይ ሻጭ ናት፤ ወሬንም እንደ ሻይ ቅጠሏ ውሃ እየጨመረች ደጋግማ ታፈላዋለች።

"ከማን ሰማሽ?" አለች ፀደይ፣ ባልዲ ውስጥ ኖራ እያማሰለች።

"እሳቸው ካሉበት ከቱነይድባ የስደተኞች ካምፕ ከመጣ ሰው ነዋ። እሁድ ወደ መተማ ከሚመለሱት ጋር ተመዝግበዋል አሉ። ዛሬ የሚመጡት ሊሰናበቱሽ ነው።"

"ይኼ ሰው ስም የለውም?"

"ስሙ ምን ያደርግልሻል? ወሬውን ያዢ።"

ፀደይ ለወሬ ጆሮ የምትሰጥ ሴት አልነበረችም፤ ይህኛው ግን አስግቷታል። ባለፈው ክረምት በመተማ መንገድ ከተመለሱት ሦስት ቤተሰቦች እስከ ዛሬ የደወለ የለም። በካምፕ ጎረቤት ስልክ ደውላ "እውነት ልትሄጂ ነው?" ብላ እናቷን መጠየቅ ትችል ነበር። አልጠየቀችም፤ መለመን አታውቅበትም። የፈለገችው እናቷ ቤቱን አይታ፣ በራሷ አፍ "እዚሁ እቀራለሁ" እንድትል ነው።

ችግሩ ቤቱ ነው። የተከራየችው አንድ ክፍል ስድስት ክንድ በሰባት ነው፤ የካርቱም ሰው ጦርነቱን ሸሽቶ የገዳሪፍን ከተማ ከሞላ ወዲህ ደግሞ ሌላ ክፍል መፈለግ በበጋ ዝናብ መጠበቅ ነው። "ቤቱ ካልሰፋ ዕቃው ይነሳ" አለች። መሐል ላይ የተጋረደውን መጋረጃ ገነጠለች። ሻንጣዎቹ ከሥር እንዲገቡ ለአልጋዎቹ እግር ብሎኬት አዘጋጀች። ጥላሸት የጠገበውን ግድግዳ ኖራ ልትቀባ፣ መስታወቱን ከመስኮቱ ትይዩ ልትሰቅል አሰበች። የቀረው የስፌት መኪናዋ ነበር። እሱ ብቻውን የክፍሉን ሲሶ ይዟል።

ስፌትን ማንም አላስተማራትም፤ አሮጌ ቀሚስ እየተረተረች፣ መልሳ እየገጠመች ነው ያወቀችው። ገበያ ውስጥ ሱቅ ያለው ልብስ ሰፊ አኑዋር ሦስት ጊዜ "ነይ ከእኔ ጋር ሥሪ" ብሎ ልኮባት፣ ሦስቴም "ከሰው ሥር ቁጭ ብዬ አልሰፋም" ብላዋለች። ዛሬ ጠዋት ግን በእግሯ ሄደች።

"ለመኪናዬ ጥግ አለህ?"

"አለኝ። ለስንት ጊዜ?"

"ለዓመት።"

"ቅዱን የምቆርጠው እኔ ነኝ። አንቺ ጫፍ ታጥፊያለሽ፣ ቁልፍ ትተክያለሽ።"

"እሺ።"

አኑዋር ደንበኞቹ እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አደረገ። "ያ ሁሉ ምላስሽስ?"

"እሱን ቤት አስቀምጬዋለሁ። ቦታ አይፈጅም።"

በሰው ፊት የተሰጠ ቃል ነው፤ አይታጠፍም። ባለጋሪው መኪናዋን ጭኖ ከግቢ ሲወጣ ዞራ አላየችም።

ከዚያ ሁለቱን የገመድ አልጋዎች፣ ምንጣፉን፣ ድስቱን፣ ሁሉንም ግቢ አውጥታ ቅብ ጀመረች። የነጠላዋን ጥለት ኖራ እንዳይነካው ብላ ዘቅዝቃ ለበሰችው። ብናኙ ዓይኗን አቃጠለው፤ እንባዋ ይወርዳል፣ እሷ ትቀባለች።

በደጅ የሚያልፉ ሁለት የጎንደር ሴቶች በተከፈተው በር አዩ። አልጋ ወጥቷል፤ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ ቤቱ ባዶ ነው፤ ልጅቱ ነጠላ ዘቅዝቃ ታነባለች። እናቷ መንገድ ላይ መሆኗን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ለቅሶ ቤት ደግሞ መጀመሪያ ይለቀሳል እንጂ አይጠየቅም።

"ወይኔ ወለተ ማርያም!" አለች አንዷ የፀደይን እናት ስም ጠርታ፣ ምንጣፉ ላይ እየወደቀች።

ፀደይ ኡኡታውን ሰምታ ብቅ እስክትል ሌሎችም ደርሰው ስምንት ሴቶች ተቀምጠዋል። ሱዳናዊቷ አከራይዋ ሲት ሂያምም መዳፎቿን ዘርግታ "አልፋቲሓ" እያለች ለሟች ዱዓ ታደርጋለች።

"ማን ነው?" አለች ፀደይ።

"እናትሽ! እናትሽ ናት እንጂ!"

መርዶ ያመጡላት መሰላት። ብሩሹን ጣለችው። መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ ማንም አይቷት በማያውቀው ለቅሶ "እማ፣ ሳልለምንሽ!" እያለች ተንሰቀሰቀች።

ባለ ሦስት ጎማ ሪክሻ በር ላይ የቆመው ያኔ ነው። ወለተ ማርያም ጓዟን አዝላ ወረደች፤ የተሰበሰበውን ሰው አየች።

"እኔን ይድፋኝ! ማን ሞተብን?"

መልስ የማታጣው ኣልጋነሽ ከግንቡ በላይ ሆና፣ "እርስዎ" አለቻት።

"መቼ?"

ሴቶቹ እንባቸውን ሳይጠርጉ ሳቅ ፈነዳባቸው። ሲት ሂያም ነገሩ ሲተረጎምላት ራሷን ነቀነቀች። "እኛ አገር ደጅ ለመተኛት አልጋ በየቀኑ ይወጣል፤ በየቀኑ ልንሞት ነው?"

ለቀስተኛው ሲበተን ወለተ ማርያም ወደ ነጩ ክፍል ገባች። ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰሰች። "ይኼ ቤት ድምፅ ይመልሳል።"

"ሰፊ ነው" አለች ፀደይ።

"መኪናሽስ?"

"ገበያ፣ አኑዋር ሱቅ ነው።"

"አንቺ? ከሰው ሥር?"

"ከእኔ ሥር የሚሠራው እሱ ነው፤ ገና አላወቀም እንጂ።"

ፀደይ አንዱን አልጋ ብቻ አስገብታ ከመስኮቱ ሥር አኖረችው። የራሷን ግቢው ውስጥ ተወችው።

"ውጭ ልትተኚ?"

"እንደ አገሩ ሰው።" ሌላ የምትለው ነገር ነበራት፤ ዋጠችው፤ ተመልሶ መጣ። "እማ፣ እለምንሻለሁ፣ እሁድ አትሂጂ።"

"ወዴት?" አለች ወለተ ማርያም፣ ጓዟን እየፈታች። ብርድ ልብስ፣ ድስት፣ የማርያም ሥዕል፣ ያላት ሁሉ ውስጡ ነበር። "ጎረቤቴ ብፅአት መንታ ወልዳ ቤት ጠበባቸው። ጎጆዬን ከሰጠኋት አሥር ቀኔ ነው፤ የመጣሁት ካንቺ ጋር ልኖር ነው።"