የጨው ጆንያ የለበሰች መኪና

እንግዳው የሚባለው ባለሙያ ንግግሩን የሰማው ልጅ ሳለ ነው፤ ጎንደር ውስጥ ከአንድ የተበላሸ የጭነት መኪና ሥር ተኝቶ። ከውጭ አባቱና ሥራ የሚያስተምረው የመኪና ላሜራ ቀጥቃጭ፣ ባቲላሜራው፣ ስለ እሱ ያወራሉ። «ቁጣው አያድርስ ነው» አለ አንደኛው። «ይቆጣ፤ ብቻ መዶሻ ይዞ አይቆጣ» አለ ሌላው። ከዚያ ቀጥሎ የተባለ ነገር ነበር። እንግዳው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቢያስበው ቢያስበው አልመጣለት አለ። የትኛው ቃል የማን እንደነበረም ዛሬ ለይቶ አያውቅም።

አሁን ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነው፤ የሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት መጋቢት፣ በዐቢይ ጾም። እንደ እሱ ከጎንደር በመጡት ነጋዴ በሐጂ ሙዘይን ግቢ ተንበርክኮ የቀይዋን መኪና ገላ በጥፍሩ ይመታል። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ መሬት የተጠጋች፣ በመርከብ ፖርት ሱዳን የገባች አሮጌ የስፖርት መኪና ናት። ሐሙስ የሐጂ ልጅ ሂያም ስትዳር ለሙሽራው ትሰጣለች። ዛሬ ማክሰኞ ነው።

ይመታል፤ ጆሮውን ያስጠጋል። ጤነኛ ላሜራ ጥርት አድርጎ ይመልሳል፤ ዝገት የጀመረው ግን ጉሮሮው እንደታመመ ሰው ይታፈናል። የበሮቹ ግርጌ ጤነኛ ነው። ይህ ገረመው፤ ዝገት ከጭቃ ነው የሚነሳው፣ ከታች ወደ ላይ ነው የሚወጣው። የዚችኛዋ ግን ጣሪያዋ ላይ ነው። ቀለሙ ሙቀት እንደመታው ሕፃን ገላ ሽፍ ብሏል። ጎንበስ ብሎ በፀሐዩ አቅጣጫ ሲያየው ሽፍታው በመስመር በመስመር የተሰለፈ ነው፤ እንደ ሽመና።

«ታምሬ፣ ይችን መኪና ምን ታለብሳታለህ?»

ዘበኛው ታምሬ የአገሩ ልጅ ነው። ጥያቄው ደስ አሰኘው።

«እንደ ሙሽራ ነዋ የምይዛት! ፀሐዩ ቀለሟን እንዳይሰነጥቀው እኩለ ቀን ላይ ጆንያ አርጥቤ አለብሳታለሁ። ሲደርቅ ደግሞ አፈስባታለሁ። የውሃ እንስራ በምን ይቀዘቅዛል? በእርጥብ ጆንያ አይደል?»

«የምን ጆንያ?»

«የጨው። ሌላውማ የዱራ ማሽላ ተሞልቶበት የለ እንዴ!»

«በቀን ስንት ጀሪካን ውሃ?»

«ስምንት። ሙቀቱ ከባሰ ዐሥር።»

የእንግዳው ጥፍር ላሜራው ላይ ቀረ። ከግድግዳው ሥር የሐጂ ተጎታች የውሃ ቦቴ፣ ከነትራክተሩ፣ ጠብ ጠብ እያለ ቆሟል።

ዛሬ ጎሕ ሲቀድ እንግዳው ወደ ሾዋክ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ድርቁን ሸሽተው ከበለሳ በእግር የመጡ ሦስት መቶ የሚሆኑ ሰዎች ከግራሩ ሥር ተቀምጠው የሚመዘግባቸውን ይጠብቃሉ፤ ውሃ የምታመጣው መኪና ከቀረች ሁለት ቀኗ። እህቱ ሸጊቱ አለችበት። ሁለት ጀሪካን ውሃ ተሸክሞ ሄደላት፤ ከእሷ ዘንድ ሳይደርስ አንደኛው በተጠሙት እጅ አለቀ። ሁለተኛውን ራሷ በጣሳ ለሰዎቹ አደለችው። ለልጇ የነጠላዋን ጫፍ ነክራ ከንፈሩን አበሰችለት። «ሥራህ እንዳይፈታ፤ ሂድ» አለችው።

ቁጣው ከእግሩ ጀምሮ ሲወጣ ታወቀው። መዶሻውን አንሥቶ ከዕቃው ከረጢት ግርጌ ቀበረውና አንድ ጊዜ አማተበ።

ሐጂ ሙዘይን ነጭ ጀለቢያቸውን እየሰበሰቡ ወጡ፤ ባለሙያውን እንደ ሱዳኖቹ «ኡስታ» ይሉታል።

«ኡስታ፣ አለቀች?»

«አልተጀመረችም፣ ሐጂ። ዝገቱ ገና ጨቅላ ነው፤ ይድናል። እስከ ላሜራው ፍቄ፣ ጨውን አጥቤ፣ አድርቄ ልቀባት። አምስት ቀን ይስጡኝ።»

«ሐሙስ እያልኩህ! ዝገቱን ድፈነው፣ ስቱኮ ለጥፍበትና ቀባው። ማን ያየዋል?»

«ክረምት ሲገባ ይፈነዳል።»

«ክረምት ሲገባማ የአማቾቼ ዝገት ነው!» ብለው ሐጂ ሳቁ። ታምሬም አብሮ ሳቀ። እንግዳው አልሳቀም። ስንት ባለ መኪና ለምኖት፣ ስንቱ ሰድቦት፣ በዝገት ላይ ስቱኮ ለጥፎ አያውቅም፤ በእጅ የሚነገር ውሸት ነው ብሎ ያምናል።

«በቀን ስምንት ጀሪካን ውሃ ለመኪና» አለ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ ታምሬ ግን ወደ ኋላ አፈገፈገ። «ያውም ጨው እያበላ የሚያዘግታት ውሃ። ሦስት መቶ ወገንዎ ሾዋክ መንገድ ዳር ከንፈሩ እየተሰነጠቀ! እህቴ አለችበት፣ ሐጂ። ቦቴዎን ይላኩላቸው።»

«እኔ ዐሥር ጆንያ ዱራ አላወጣሁም? ወላሂ፣ ዛሬ ቦቴዬን ለሦስት መቶ ሰው ብከፍት ነገ ሦስት ሺህ ከደጄ ያድራል። እኔ መንግሥት ነኝ?»

«መንግሥት ቢሆኑማ መቼ እለምንዎ ነበር!»

«ሌላ ባቲላሜራ አጣሁ?»

«ይፈልጉ። ቀይ ከቀይ አስማምቶ የሚቀባ ካለ፣ ገዳሪፍ ሰፊ ነው።»

እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ። ከመስጊዱ የቀትር አዛን ተሰማ። ሐጂ ፊታቸውን ወደዚያ አዞሩ፣ እግራቸው ግን አልተነሣም። ቦቴውን አዩ፤ መኪናዋን አዩ።

«በል ስማኝ» አሉ በመጨረሻ፣ ነጋዴ ሆነው። «ቦቴው ይሂድ። ዛሬ አንድ፣ ነገ አንድ። አንተ ደግሞ ሐሙስ ጠዋት እንደ መስታወት ታስረክበኛለህ። በስቱኮ።»

እንግዳው እንዲህ የተናደደበት ቀን ትዝ አይለውም። ቢከለክሉት ይሻለው ነበር፤ ሰድቧቸው፣ ዕቃውን ተሸክሞ፣ ንጹሕ ሰው ሆኖ ይወጣ ነበር። አሁን ግን የእሱ ንጽሕና ስንት ጀሪካን እንደሚሆን በዚህ ፀሐይ ቆሞ ማሰብ ሊኖርበት ነው። ጣሪያዋን በመዳፉ ዳሰሰ። ሽፍታው ሻከረው። ሙሽራው ምን በደለው? ደግሞስ ያ ሕፃን ማንን በደለ?

«ኸላስ፣ በቃ፣ ተናገር እንጂ!» አሉ ሐጂ።

«በቀን ሁለት ቦቴ» አለ እንግዳው። «እስከ ሐሙስ።»

ሐጂ ጥርሳቸውን ነክሰው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንተስ?»

«የመጀመሪያው ቦቴ ከዚህ በር ይውጣ» አለ፣ ዓይኑን ከመኪናዋ ሳያነሣ። «ከዚያ ስቱኮውን እለጥፈዋለሁ።»