ያልተጠራ ለቅሶ

በሐይቅ ዳሯ ከተማ በቆርኬ ዳር አምባዛዎቹ እድር የገቡት ዳግማይ ትንሣኤ በዋለበት እሑድ ነው። ጥያቄውን ያቀረበው አንድ ትልቅ አምባዛ ነበር። ከሐይቁ ወጥቶ፣ በክንፎቹ እየተሳበ፣ የገበያውን አስፋልት ተሻግሮ፣ እድርተኞቹ ወደተሰበሰቡበት ዋርካ ሥር መጣ። ለምን እሱ እንደተላከ የጠየቀ የለም። አምባዛ ከውሃ ውጭ ትንሽ መቆየት እንደሚችል ሐይቅ ዳር ያደገ ሁሉ ያውቃል፤ የተላከው ቅርፊታሙ ዓሣ ቆሮሶ ቢሆን ኖሮ መንገድ ላይ ይቀር ነበር።

ጢሙን አይተው ሁሉም አንቱ አሉት።

"ይቀመጡ እንጂ" አሉት።

"ተቀምጫለሁ" አለ አምባዛው። አንድ ሰው ተነሥቶ ከጆግ ውሃ አፈሰሰለት። "ሟቻችን በዛ። ድሮ የሚቀብሩን ወፎቹ ነበሩ። አባ ኮዳ የሞተውን እያነሣ ይበላል፤ እኛም ቅር አይለንም ነበር። አሁን አሽትቶ ይተወናል። ቀባሪ አጣን።"

ይህንን ሰው ሁሉ በዓይኑ አይቷል። አባ ኮዳዎቹ የሐይቁን ዳር በሞሉት የሞቱ ቆሮሶዎች መካከል ክንፋቸውን አጣጥፈው ቆመው፣ ከጎን ካለው ሆቴል የሚጣል የዳቦ ፍርፋሪ ይጠብቃሉ።

የእድሩ ዳኛ አቶ ቱፋ ደንብ የሚወዱ ሰው ናቸው። "ደንባችን የሰፈሩ ነዋሪ ይላል" አሉ። "እነዚህ ደግሞ ከእኛ በፊት የነበሩ ናቸው። የቅርብ ጎረቤት ከሩቅ ዘመድ ይሻላል።"

"ዓሣን መብላት በብልሃት ነበር" አለ ሥጋ ሻጩ፣ "አሁን መቅበርም በብልሃት ሊሆን ነው።" ሰው ሳቀ። አምባዛው አልሳቀም። እጅ ወጣና ጥያቄው አለፈ። አቶ ቱፋ ግዴታውን አስረዱ፤ እድርተኛ ከቀብር አይቀርም፣ ከለቅሶ አይዘገይም፣ የሚዘገይ እድርተኛ ነውረኛ ነው። አምባዛው በጥሞና ሰምቶ "እንደርሳለን" አለ።

የነገሩ ሸክም የወደቀው በጋሽ ሽብሩ ላይ ነው። ጋሽ ሽብሩ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ናቸው። አምባዛው ጎህ ሲቀድ እየመጣ በራቸው ላይ ሟቹን ይነግራቸዋል፤ እሳቸውም ጥሩምባቸውን አንሥተው "እድርተኞች! የሸምበቆው ሰፈር ቆሮሶ ከነልጆቿ ስላረፈች ለቀብር ድረሱ!" እያሉ ሰፈሩን ይዞራሉ። መጀመሪያ ላይ ነገሩ ለዛ ነበረው። አልቃሿ ስለ ቅርፊታቸው ግጥም ገጠመችላቸው፤ ሴቶቹ ንፍሮ ቀቀሉ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ግንቦት ሳያልቅ ግን የጋሽ ሽብሩ ከንፈር ቆሰለ፤ ቀባሪዎቹም ዶማቸውን ወደ ቤት መመለስ ትተው እዚያው ሐይቁ ዳር አቆሙት።

ሐይቁ ከከተማዋ በላይ ካለው ቆዳ ፋብሪካ በሚወርደው ቦይ በኩል አረፋ ደፍቋል፤ በሌላው በኩል እንደ ጎመን ወጥ አረንጓዴ ሆኖ ረግቷል። እድሩ ሽማግሌ መርጦ ወደ ፋብሪካው ላከ። ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባሉና ካላንደር ተሰጥቷቸው ተመለሱ። ካላንደሩ ጥሩ ነው፤ ዋርካው ላይ ተሰቀለ።

አንድ ጠዋት አምባዛው ጋሽ ሽብሩ ባቀረቡለት ሳፋ ውስጥ አረፍ ብሎ ትንፋሹን ሲሰበስብ፣ "ዛሬ ማን ነው?" አሉት።

"ዛሬስ ያልተወለዱት ናቸው" አለ። "ወንዶቻችን እንቁላል መቋጠር ጀመሩ። ሴቶቹ የጣሉት ደግሞ አይፈለፈልም። ያልተፈለፈለ ይለቀስለታል?"

ጋሽ ሽብሩ ዞር ብለው አዩ። ከኋላቸው፣ ከመጋረጃው ወዲያ፣ ልጃቸው ወይንሸት ተኝታለች። ወይንሸት የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ወሯ እየተቃረበ ነው። ባሏ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ስለሆነ ለመውለድ የመጣችው አባቷ ቤት ነው። እናቷ በሕይወት የለችም። ጋሽ ሽብሩ በዚህች ዓለም የቀረቻቸው እሷ ነች፤ ከእሷም በኋላ ያ በሆዷ ያለው።

"እኛ የምንጠጣው አፍልተን ነው" አሉ ቀስ ብለው። የከተማዋ ቧንቧ የሚቀዳው ከዚያው ከሐይቁ ነው።

"ሲፈላ ይሞቃል" አለ አምባዛው።

በዚያው ቀን ጋሽ ሽብሩ የታሸገ ውሃ በካርቶን ተሸክመው ገቡ። "ከዛሬ ጀምሮ ሌላ እንዳትቀምሺ" አሏት። "እሺ አባዬ" አለች። በየሳምንቱ ያመጡላት ጀመር። ሌሊት እንቅልፍ ሲነሣቸው ያንን ውሃ እያሰቡ ይጽናናሉ፤ አንድ ሰው ለልጁ ማድረግ የሚችለውን አድርጌአለሁ ይላሉ።

ሰኔ ሲገባ አምባዛው መምጣቱን አቆመ። ጋሽ ሽብሩ ደስ አላቸው። ሐይቁ ያገገመ መሰላቸው፤ ከንፈራቸውም ሻረ። ከዚያ አንድ ረፋድ ላይ ከገበያ ሲመለሱ የእድሩ ድንኳን በገዛ ግቢያቸው ተተክሎ አገኙት። ጥሩምባ አልነፉም። እሳቸው ሳይነፉ በቆርኬ ዳር ድንኳን ተተክሎ አያውቅም።

"ማን ትከሉ አላችሁ?" አሉ ገመድ የሚወጥሩትን ጎረምሶች።

"እድርተኛ ጠየቀን" አሉ ልጆቹ። "የለቅሶ ድንኳን ሲጠየቅ ለምን አይባልም ብለው የለ አቶ ቱፋ?"

ጋሽ ሽብሩ ገለጥ አድርገው ገቡ። በሰሌኑ ላይ አምባዛዎቹ ዙሪያውን ተቀምጠዋል። በየጀርባቸው ቆሮሶ አዝለዋል። ማንም አያወራም፤ አፋቸው ብቻ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ጋሽ ሽብሩ እየሮጡ ወደ ቤት ገቡ። ወይንሸት ሽንኩርት እየላጠች ነው። ዓይኗ ከሽንኩርቱ በቀር አላለቀሰም። ተመልሰው ወጡ።

"ማን ሞቶ ነው?" አሉ።

"ገና ነው" አለ ትልቁ አምባዛ።

"ታዲያ ምን ልትሆኑ መጣችሁ?"

"መንገዱ ለእኛ ሩቅ ነው። መዘግየት ነውር ነው ብላችሁ ያስተማራችሁን እናንተ ናችሁ።"

"ልጄ ደህና ናት! የምትጠጣው የታሸገ ውሃ ነው። እኔ ነኝ የማመጣላት፣ በራሴ ጫንቃ!" ጋሽ ሽብሩ ይህን ሲሉ ጮኸዋል። በለቅሶ ድንኳን ውስጥ በንዴት መጮኽ ደስ አይልም፤ አምባዛዎቹ ግን ሐዘንተኛ ናቸው ብለው ቻሉት።

ጩኸቱን ሰምታ ወይንሸት ሆዷን ደግፋ ወጣች። ድንኳኑን አየች፣ እንግዶቹን አየች። የአባቷ ሥራ ስለሆነ አልገረማትም። "ምነው አባዬ፣ ደርቀዋል እኮ! እንግዳ እንዲህ ይደረጋል?" አለችና ተመልሳ ገባች። ስትወጣ የታሸገውን ውሃ በሁለት እጇ ታቅፋ ነበር። አንዱን ከፈተች፤ ክዳኑ ሲሰበር ቀጭ አለ። በየተራ ራሳቸው ላይ እያፈሰሰች ዞረች። ሁለተኛውን ከፈተች፤ ቀጭ አለ። ሦስተኛውን ልታመጣ ስትገባ ጋሽ ሽብሩ ተከትለዋት ገቡ። ቡፌው ውስጥ፣ ከብርጭቆዎቹ ኋላ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያመጡት ውሃ ሁሉ እንደታሸገ ተደርድሯል።

"ይህን አልጠጣሽም?" አሉ። 

"ለክርስትናው ነዋ ያስቀመጥኩት። ያን ሁሉ እንግዳ የቧንቧ ውሃ ላጠጣ ነው? እኔማ የጀሪካኑ ይበቃኛል። ስንጠጣው ያደግነው ውሃ አይደል?"

ጋሽ ሽብሩ ቡፌውን ዘጉት። ነጠላዋን ከምስማሩ አንሥተው ትከሻዋ ላይ ጣሉላትና ክንዷን ያዟት። "ተነሽ፤ አክስትሽ ጋ ትሄጃለሽ። ደጋ። እዚያ የምንጭ ውሃ አለ።"

"አሁን? ሰው ለቅሶ ላይ ተቀምጦ ጥለነው ልንሄድ?"

"አሁን።"

መናኸሪያው ቅርብ ነው። ወደ ደጋ የሚወጣ አንድ ሚኒባስ ሊነሣ አንድ ሰው ጎድሎት ነበር። ረዳቱ ሆዷን አይቶ ከኋላ በመስኮቱ በኩል አመቻቸላት። ጋሽ ሽብሩ በሩን ራሳቸው ዘጉት። ሚኒባሱ ጥሩምባውን ነፍቶ ሲንቀሳቀስ ያን ሁሉ ሳምንት የያዙትን ትንፋሽ ለቀቁት፤ እንባቸው መጣ። አመለጠች አሉ በልባቸው። ተመስገን።

ዞር ሲሉ አምባዛው እግራቸው ሥር ነው።

"ወጥታለች" አሉት። "ግቡ፣ ወደ ሐይቃችሁ ተመለሱ። ለቅሶ የለም።"

"ውሃው አብሯት ሄዷል" አለ አምባዛው። ክፋት የለበትም፤ እንደሚያዝን ሰው ነው የተናገረው። "እኛ ውሃውን እናውቀዋለን።"

ሌሎቹም ከግቢው ወጥተው በመናኸሪያው በር መጡ። ረጅም ሰልፍ ነበር፤ የቀኝ ዳራቸውን ይዘው መኪና እያሳለፉ ይሄዳሉ። ጋሽ ሽብሩ ሮጠው አስፋልቱ መካከል ቆሙና እጃቸውን ዘረጉ። "አታልፉም!" አሉ። "በእናታችሁ፣ አታልፉም! የመጀመሪያዋ ነው! ምንም አላደረገቻችሁም!" አምባዛዎቹ አልተጋፏቸውም። እያንዳንዳቸው እግራቸው አጠገብ ሲደርሱ ቀስ ብለው "እግዜር ያጥናዎት" እያሉ በግራና በቀኝ ዞረዋቸው አለፉ። በጀርባ የታዘሉት ቆሮሶዎች ግን ምንም አላሉም። በአፋቸው እንቁላል ይዘዋል።

ሚኒባሱ የመጀመሪያውን ኩርባ ሲዞር ወይንሸት በኋላ መስኮቱ ዞር ብላ አየቻቸው። የቆሙትን አባቷን አይደለም ያየችው፤ እንግዶቿን ነው። እጇን አውለበለበችላቸው። እነሱም አልቸኮሉም። አስፋልቱን እያረጠቡ ዳገቱን ያዙ፤ ከኋላቸው ጎረምሶቹ የተነቀለውን ድንኳን በጋሪ ጭነው ተከተሉ፣ ብረቱም ከዳገቱ ወዲያ እስኪሰወሩ ድረስ ሲንቋቋ ይሰማ ነበር።