ቤዝመንት ውስጥ የተሰበሰቡት

መጋቢት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የስመኝ በር ተንኳኳ። በዚያ ሰዓት፣ ሳይደውል፣ አሌክሳንድሪያ ድረስ የሚመጣባት ሰው አልነበረም። በበሩ ቀዳዳ ብታይ ታላቅ ወንድሟ ገብረየስ ቆሟል፤ ራሱን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቶ።

ገብረየስ በሃምሳ ስምንት ዓመቱም ፓንክ ዘፋኝ ነው። በጎረምሳነቱ ከዚህ ከፈረንጅ አገር ልጆች ጋር ያቋቋመው ባንድ ዛሬም አለ፤ ዘመዶቹ ጩኸቱን ይተው ይሆናል የሚለውን ተስፋ ከቆረጡ ቆይተዋል። ጸጉሩ ግን ትከሻው ላይ የሚወርድ ነበር። እናታቸው በሥላሴ ብላ ስትለምነው እንኳ አልቆረጠውም።

"ማን ሞተ?" አለችው፣ ገና ሳይገባ።

"ማንም አልሞተም። እንደምን አደርክ አይባልም?"

ለአዲስ አልበም ሽፋን ፎቶ ስለምነሳ ነው አላት። ከዋናው ባንዱ ጎን ሌላ ሥራ ጀምሯል፤ ስትሪት ፓንክ የሚሉት፣ ዘፋኙ ብቻውን የሚዘፍነው ሳይሆን የሰፈር ሰው ተሰብስቦ አብሮት የሚጮኸው፣ ስለ ኪራይና ስለ አለቃ የሚያወራ ሙዚቃ። የዚያ ሙዚቃ ሰዎች ራሳቸውን ይላጫሉ፣ ቡትስ ጫማ ያደርጋሉ። ስመኝ ሰማችው እንጂ አላመነችውም። ፊቱ ከስቷል። የቀረበለትን ሻይ እያማሰለ ተወው። አልበሙ በጥቂት ሳምንት ማለቅ አለበት አለ። ያለፈውን አልበም ለመሥራት ዓመታት የፈጀበት ሰው፣ አሁን ምን አስቸኮለው?

ሊወጣ ሲል የመጣበትን ተናገረ። የእናታቸውን የለቅሶ ቪዲዮ ፈልጎ ነው።

ያ ቪዲዮ ደብረ ታቦር ላሉት ዘመዶች እንዲላክ የተቀረጸ ነው። ስመኝ ደረቷን እየመታች ሙሾ ስታወጣ ይታያል። ማንም አላስተማራትም፣ ከአልቃሽ ቤትም አልተወለደችም፤ የእናቷ አስከሬን ሲወጣ አፏ ላይ መጣላት። ከዚያ ወዲህ ስፕሪንግፊልድም ሆነ ሪቨርዴል ፓርክ ሰው ሲሞት "ስመኝ ትጠራ" ይባላል። ሰው ሳይሞት ግን አንዲት ስንኝ አትወጣትም። ሟርት ነዋ።

"ምን ያደርግልሃል?"

"ላየው ፈልጌ ነው።"

"ስምንት ዓመት ሙሉ ላክልህ ስልህ አልፈልግም እያልክ?"

"አሁን ፈለግኩ።"

ላከችለት። ከሄደ በኋላ መስኮቱ አጠገብ ቆማ ቀረች። የምትሠራው ሆስፒታል ነው፤ ነርሶቹን የምትረዳበት ፎቅ ላይ ራሳቸው የተላጨ፣ የከሱ፣ ሁሉን ነገር ቶሎ ልጨርስ የሚሉ ሰዎች ሞልተዋል።

ለጋሽ ንጉሴ ደወለች። ጋሽ ንጉሴ የሲልቨር ስፕሪንጉ እድር ሊቀ መንበር ናቸው፤ መርዶ ሲመጣ ጎህ ሳይቀድ ሰው ሰብስበው በር የሚያንኳኩት እሳቸው ስለሆኑ፣ ስልኩ ላይ ስማቸውን ሲያይ ልቡ የሚደነግጥ ሰው ብዙ ነው።

"ጋሽ ንጉሴ፣ ገብሬን ሰሞኑን አግኝተውታል?"

"ደህና ነው፣ ደህና ነው፣ ምንም የለም" አሉ።

ደህና ነው ወይ ብላ አልጠየቀቻቸውም ነበር።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሰርካለም የምትባለው ጓደኛዋ የገብረየስ ስም ሲነሳ ነጠላዋን ማስተካከል ጀመረች፤ ቀጥላም ስለ ጾሙ መርዘም አወራች። የሰርካለም ባል ከእድሩ ሰዎች አንዱ ነው። ስመኝ ይህን ዓይነት ዝምታ ታውቀዋለች። አባቷ ሲሞቱ ለሁለት ወር ያህል "ጠበል ገብተዋል" እየተባለች፣ አገር ምድሩ የሚያውቀውን እሷ ብቻ ሳታውቅ ኖራለች። የሷ ሰዎች ክፉ ነገርን የሚደብቁት ከቅርብ ሰው ነው። ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አጣች፤ ለወንድሟ ስትደውልለት እየተቻኮለ "ሪከርዲንግ ላይ ነኝ፣ በኋላ" ይላታል። ከጀርባው የወንዶች ድምፅ ይሰማል፤ እሷ መሆኗን ሲያውቁ ጸጥ ይላሉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጥቁር ነጠላዋን መኪናው ውስጥ አስቀምጣ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ነዳች።

ገብረየስ የሚኖረው እናታቸው እስክትሞት ተከራይታ በኖረችበት ቤት ነው። በሩ ፊት የጋሽ ንጉሴ ታክሲ ቆሟል። ከኋላው የእድሩ ሰዎች መኪና ተደርድሯል። ስመኝ ሞተሩን ሳታጠፋ፣ ነጠላዋን ይዛ ወረደች። ከመሬት ከፍ ባለችው በቤዝመንቱ ትንሽ መስኮት ጎንበስ ብላ ብታይ፣ ወንዶቹ ክብ ሠርተው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ አንድም ሳይናገሩ ቆመዋል። ጋሽ ንጉሴ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘዋል። ወንድሟ በመሃላቸው የለም።

እንዴት ደረጃውን እንደወረደች አታስታውስም። በሩን ከፍታ "ወንድሜን!" ብላ ጮኸች፣ ደረቷን መታች፣ ወለሉ ላይ ተንበረከከች። ወንዶቹ ለቅሶ የለመዱ ናቸው። ማን ሞተ ብሎ የጠየቀ የለም፤ አንዱ "ወየው!" ሲል ሌላው ተቀበለ፣ ጋሽ ንጉሴ ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው ተንሰቀሰቁ፣ ቤዝመንቱ ባንድ አፍታ ለቅሶ ቤት ሆነ።

ገብረየስ ቀበቶውን እያሰረ ከሽንት ቤት ወጣ።

"ማን ነው የሞተው?" አለ፣ ፊቱ አመድ መስሎ።

ስመኝ ቀና ብላ አየችው። "አንተ" አለችው።

ጥግ ላይ ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠው ማቲያስ፣ እዚህ አገር ተወልዶ ያደገው የባንዱ ጊታሪስት፣ የጆሮ ማዳመጫውን አወለቀ። "ጋይስ፣ ሪከርድ እያደረገ ነው" አለ። "ቴክ ስንጀምር ሳይለንስ ብዬ ነበር እኮ።"

ጸጥ ያሉት ቀረጻ ስለተጀመረ ነበር። አንድ ሁለቱ ሳቁ፤ ስመኝ ግን አልሳቀችም። የቀረጻችሁትን አሰሙኝ አለች። ማቲያስ ገብረየስን አየው፣ ገብረየስ መሬቱን አየ። መጨረሻ ላይ ከፈተላት። ከበሮው እንደ ድንጋይ ናዳ ወረደ፤ ከዚያ እነዚያ ሽበታም የእድር ሰዎች በአንድ ጉሮሮ "አልወጣም ከቤቴ!" እያሉ ይጮሃሉ። የእሷ ሙሾ ነው። ስንኙ እንዲህ ነበር፦

አልወጣም እያለች አልወጣም ከቤቴ፣
በሰው ትከሻ ላይ ሄዳለች እናቴ።

"ሰው ሳይሞት?" አለች። "ሙሾዬን?"

"ብጠይቅሽ አትሰጪኝም ነበር።"

"አልሰጥህም። በሽተኛ ነህ?"

"አይደለሁም።"

"በእማዬ አጥንት ማል።"

"በእማዬ አጥንት። ጤነኛ ነኝ።"

አመነችው፤ በእናቱ አጥንት በሐሰት አይምልም። ግን ማንም እፎይ አላለም። ሁሉም ጋሽ ንጉሴን ያያሉ። ስመኝ ዞር ብላ ታዲያ የደበቃችሁኝ ምንድን ነው ስትል፣ ሽማግሌው ባርኔጣቸውን እንደገና አወለቁ፣ በሰው በር ላይ ቆመው እንደሚያደርጉት ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልጄ፣ እስቲ ቁጭ በይ" አሏት።

አምፕሊፋየሩ ላይ ተቀመጠች።

አከራዩ ቤቱን ሸጦታል አሏት። የገዛው ሰው አፍርሶ ፎቅ ይሠራበታል። ገብረየስ ቤቱን ልቀቅ የሚለው ወረቀት ከደረሰው ቆይቷል፤ የእናቷ ክፍል እንዳለ እንደሆነ፣ ስመኝ በየወሩ እየመጣች አልጋውን እንደምታነጥፍ ስለሚያውቅ፣ ምላሱ አልታዘዝ አለው። ጋሽ ንጉሴን እርስዎ ይንገሩልኝ ብሎ ለመናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ከፋሲካ በፊት አይሆንም፣ በጾም ልቧን አንሰብርም አሉ። አልበሙ ቤቱ ሳይፈርስ እዚያው ቤት ውስጥ እንዲቀረጽ ተጣደፉ።

ስመኝ አላለቀሰችም።

"ሁለተኛው ስንኝ የታለ?" አለች።

ገብረየስ ስትሪት ፓንክ ሐዘን አይደለም፣ እምቢ ማለት ነው፣ ሁለተኛው ስንኝ ከገባ ሰው ጨብጦ ያነሳውን እጁን ያወርዳል ብሎ ሊያስረዳት ሞከረ።

"እሷም እምቢ ብላ ነበር" አለችው። "አልወጣም ብላ አልቀረችም፤ ወጣች። ግማሹን እየጮህክ አትዋሽብኝ። ወይ ሁለቱንም፣ ወይ ምንም።"

"ታዲያ ማን ይለዋል? እኔ አልችለውም" አለ ገብረየስ።

ስመኝ ነጠላዋን ከወለሉ ላይ አነሳች። ማቲያስን ቅድም የጮህኩትን አጥፋው አለችው። ከተቀረጸው ሁሉ ከዚህ የተሻለ የለም እያለ እያጉረመረመ፣ እያየችው አጠፋው። ከዚያ ማይኩን ወደ እሷ አዞረላት።

አልበሙ በግንቦት ወጣ፤ ዘፈኑ ሁለቱንም ስንኝ ይዟል። ገብረየስ ሰኔ 23 ቀን ቁልፉን አስረከበ፤ አሁን የሚኖረው ጀርመንታውን፣ ማቲያስ ቤት ነው።