ሦስተኛው ዲስክ

ፋሩቅ እባላለሁ። ፒያሳና ጊዮርጊስ አካባቢ ዋይፋይ፣ ካሜራና ሰርቨር እገጥማለሁ። ሙያው አለኝ፤ ትዕግሥት ግን የለኝም። «አልከፍት አለ» የሚል ሰው ካገኘሁ ሳልከፍተው እንቅልፍ አይወስደኝም። እማማ ለተክርስቶስ ቤት ያን ማክሰኞ ጉድ ያደረገኝም ይኸው ጠባዬ ነው።

እማማ ብቻቸውን ነበሩ። ልጃቸው ዊንታ አራት ኪሎ ሥራ ገብታለች። ታላቅ ወንድሟ ክፍሎም መቐለ የሚሠራ መሐንዲስ ነው። የሳሎኑ ቴሌቪዥን ሥር ያለችውን ጥቁር ሳጥን የገጠማት እሱ ነው። ሳጥኗ ሦስት ዲስክ አላት፤ አንዱ የቤቱ የጋራ፣ ሁለተኛው የክፍሎም፣ ሦስተኛው የዊንታ። በውስጧ ያለውን ፎቶና ቪዲዮ በዋይፋይ ለሳሎኑም ለመኝታ ቤቱም ቴሌቪዥን፣ በኢንተርኔት ደግሞ የትም ላለ ስልካቸው ታዳርሳለች።

«የአንደኛው ብቻ ነው የሚመጣልኝ» አሉኝ እማማ። «የክፍሎም የምርቃቱ ፊልም ነበር፤ እሱም ጠፋ። መስክ ወጥቷል፣ ኔትወርክ የለም ይሉኛል። ድምፁን ከሰማሁ ቆየሁ ልጄ። እስኪ በፊልም እንኳ ልየው።»

ፈተሽኩት። ምንም አልተበላሸም። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ዲስክ ቴሌቪዥኑ እንዳያይ ሰው ሆን ብሎ ዘግቶታል። አስተዋይ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ «ማን ዘጋው? ለምን?» ይል ነበር። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል። እኔ ግን የተዘጋ ነገር ሳይ የተሰደብኩ ይመስለኛል። ሳጥኗን ገለበጥኳት፤ ከሥሯ የይለፍ ቃሉ በክፍሎም እጅ ተጽፎ ተለጥፏል። አስገባሁት፤ ሦስቱንም ከፈትኩ።

«አለቀ እማማ! ሁሉም መጥቶልዎታል!» ብዬ ሪሞቱን አቀበልኳቸው።

ቴሌቪዥኑ የሚያስቀድመው አዲስ የገባውን ነው። የዊንታ ስልክ ደግሞ የተቀረጸበትን ሁሉ ራሱ ወደ ሦስተኛው ዲስክ ይልካል። ስለዚህ የመጣው ምርቃት አልነበረም። ጥቁር የለበሰ ሰው፣ የሬሳ ሣጥን፣ ከፊቱ ትልቅ ፎቶ ታቅፋ የምትጮህ ዊንታ። ፎቶው የክፍሎም ነው። አንዱ ዘመድ በራሷ ስልክ ቀርጾላታል፤ ምናልባት አንድ ቀን ለእናቷ እንድታሳይ።

ለማጥፋት እጄን ስዘረጋ እማማ ሪሞቱን ወደ ደረታቸው ሳቡት። ፊልሙን አቆሙት።

«ቀኑ ስንት ይላል?»

«ኅዳር ስምንት» አልኩ።

በጣታቸው ቆጠሩ። ታኅሣሥ ሃያ ሁለት ነበር። «አርባውም ያለ እኔ ወጣ» አሉ።

መርዶ የሚነገረው ገና ሳይነጋ ነው፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ሰው ግራና ቀኝ ቆሞ። እኔ በጠራራ ፀሐይ፣ ብቻዬን፣ እንደ ምሥራች እየጮኽኩ አረዳኋቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ጩኸታቸውን ጠበቅሁ። አልጮኹም።

«የልቤን ሕመም ፈርተው ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ዊንታ ለሥልጠና ብላኝ ነው የሄደችው፤ ወንድሟን ቀብራ ኖሯል የመጣችው። ማታ ማታ እየሳቀች እራት ታቀርብልኛለች። ብቻዬን ሆኜ እንደ ሰማሁ ካወቀች ዕድሜ ልኳን ራሷን ይቅር አትልም። እስኪነግሩኝ አላለቅስም። እንዳትናገር፣ ማልልኝ።»

«ወላሂ፣ አልናገርም።»

«የመኝታ ቤቴ ቴሌቪዥን ላይ ግን ተወው። የሳሎኑን ዝጋ።»

እንዳሉኝ አደረግሁ።

ከዚያ በኋላ ያ ያልተለቀሰ ለቅሶ አልለቅ አለኝ። ጠዋት ጠዋት መንገዴን አዙሬ በበራቸው አልፋለሁ፤ ጆሮዬን እጥላለሁ፤ ጸጥ ያለ ነው። ካፌ ተቀምጬ ሴት ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ እደነግጣለሁ። ማኪያቶዬ ፊቴ ይቀዘቅዛል። ፈራሁ፤ እውነቱን ልናገር፣ ሙት ሳይሆን ዝምታ አስፈራኝ።

የባሰው ስልኬ ነው። የገጠምኳት ወይም የነካኋት ሳጥን ሁሉ ብልሽት ሲኖር እንዳይ ከስልኬ ጋር ትያያዛለች፤ ማን የትኛውን ፊልም በስንት ሰዓት እንደከፈተ ታሳያለች። ባላየው ይሻለኝ ነበር። ዊንታ ለሥራ ስትወጣ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ የመኝታ ቤቱ ቴሌቪዥን ያን ፊልም ይከፍታል። በምሳ ሰዓት ያንኑ ፊልም የዊንታ ስልክ ይከፍተዋል። በየቀኑ። አንድ እሑድ ከሰዓት ሁለቱም እኩል ከፈቱት። ሁለቱም ቤት ናቸው፤ መሀላቸው ያለው አንድ ግድግዳ ነው። እናትና ልጅ አንዱን ሬሳ ድምፅ አጥፍተው ለየብቻ ይሸኛሉ። ስልኬን ጣልኩና አለቀስኩ።

ሰኞ ዊንታን መሥሪያ ቤቷ በር ላይ ጠበቅኋት። ዓይኗ ቀልቷል።

«የክፍሎምን ሰማሁ፤ አላህ ያጽናሽ» አልኳት። «ለእማማ ንገሯቸው እንጂ።»

ክው አለች። «ከማን ሰማህ?»

«ሰፈር ገብቷል» ብዬ ዋሸሁ።

«አትችለውም ፋሩቅ! ሐኪሙ ድንጋጤ እንዳይነካት ብሏል። እሷንም ልቅበር?»

«አንዱ ግድ የለሽ፣ አፉን ያልገታ፣ ብቻቸውን ሳሉ ሳያውቅ ቢያረዳቸውስ?» አልኳት። «ያን ጊዜ ማን ይደግፋቸዋል?»

ጀርባዋን ሰጥታኝ ወደ ውስጥ ገባች። ረቡዕ ማታ ደውላ «ነገ ይነገራታል» አለችኝ።

ሐሙስ ገና ሳይነጋ ሽማግሌዎቹ በሩ ላይ ተሰበሰቡ፤ እኔም ከኋላ ቆምኩ። እማማ ከፈቱ። «ምነው በማለዳ? በደኅና ነው?» አሉ፤ ምንም እንደማያውቅ ሰው። አጎትየው አቶ አስገዶም «ክፍሎም…» ብለው ሳይጨርሱ፣ አሥራ ስድስት ቀን የታፈነው ወጣ። እንደዚያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ዊንታ እናቷን አቀፈች፤ ተያይዘው ወለሉ ላይ ወደቁ። የእማማ ልብ ግን አልቆመም።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ውስጥ ዊንታ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ፊቷ ቀለል ብሏል።

«ባንተ ምክር ነው፤ እግዜር ይስጥህ» አለችኝ። «ሁሌ የምፈራው አንድ ነገር ነበር። እንኳን ብቻዋን ሆና አልሰማች።»

ቀና ስል እማማ ከማዶ እያዩኝ ነው።

«አዎ» አልኳት፤ «እንኳን።»