ሳቬሪያ በኦርሱ እጅ የላከችው ድምፅ

ሳቬሪያ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋ አልወረደችም። ስለዚህ ፖሊሱ ቤቷ ድረስ መጥቶ ጎረቤቷ ኦርሱ በእሷ ስም እንዲመርጥላት ውክልናውን አስፈረማት። በእነዚህ የኮርሲካ ተራሮች የታመመም የራቀም ሰው ድምፁን በሌላ ሰው እጅ ይልካል፤ ነውር የለውም።

የሚያስፈራው ቆጠራው ነው። መራጭ በወረቀቱ ላይ ካሉት እጩዎች ያልወደደውን መሰረዝ ይችላል፤ የተሰረዘውም ስም በሕዝብ ፊት ጮክ ተብሎ ይነበባል። ከንቲባው ይቺን ቀዳዳ አገኛት። ለሚጠረጥራቸው ጥቂት ቤቶች ከገዛ እጩዎቹ ለየቤቱ የተለያየ ስም አደላቸው፤ አንተ እገሌን ሰርዝ፣ አንቺ እገሊትን። ስሙ ከተነበበ ያ ቤት ታማኝ ነው፤ ካልተነበበ ወዮለት። እግዜር ይይለት እንጂ ብልጥስ ብልጥ ነው።

ለሳቬሪያ የደረሳት ስም የዳቦ ጋጋሪው ነበር፤ ለኦርሱ ደግሞ የፋርማሲስቱ። ልጇ ሊዛንድሩ የመንደሩን የቆሻሻ መኪና ይነዳል፤ እንጀራው በከንቲባው እጅ ነው። ኦርሱም ፍየሎቹን የሚያሰማራው ከንቲባው በፈቀደለት የመንደር መሬት ላይ ነው።

በምርጫው ጠዋት ኦርሱ ኮፍያውን በእጁ ይዞ አልጋዋ አጠገብ ቆመ።

«እንግዲህ እትዬ፣ ዳቦ ጋጋሪውን ልሰርዝልዎት?»

«አትሰርዝ። የተቃዋሚዎቹን ወረቀት ክተትልኝ።»

«ኧረ እትዬ! ሊዛንድሩስ?»

«ያ ከንቲባ የምንጬን ውሃ ወደ ሆቴሉ ከሳበው ወዲህ እየፈራሁ ነው የመረጥኩት። ሳልሞት አንዴ እንኳ የልቤን ልምረጥ! ሂድ ብዬሃለሁ!»

በሩ ሲዘጋ ድፍረቷም አብሮት ወጣ። ምን ነክቶኝ ነው? የሊዛንድሩ ሚስት እርጉዝ ናት። ከሥራ ቢያባርሩት የት ይገባሉ? «ኦርሱ! ተመለስ!» ብላ ጮኸች፤ የሰማት የለም። ስልክ ደወለች። ስልኩን ለፍየሎቹ ነው እንዴ የገዛው፣ አያነሳም። ቀኑን ሙሉ ኮቴ በሰማች ቁጥር ወደ በሩ ታይ ነበር። ምሳዋንም አልነካችውም።

ሲመሻሽ የከንቲባው የወንድም ልጅ ቶማ ሳያንኳኳ ገባ። ሳቬሪያ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበች።

«እንኳን ደስ ያለዎት እትዬ፣ አሸነፍን! ዳቦ ጋጋሪው ተሰርዞ ሲነበብ አጎቴ ‹ሳቬሪያስ የእኛው ናት› አለ። ሊዛንድሩን አይዞህ በሉት።»

እፎይ አለች። ወዲያውም በኦርሱ ተናደደች፤ አደራዋን በላ፣ ፈሪ!

ቶማ የበሩን እጀታ እንደያዘ ዞር አለ። «አንድ ሰው ብቻ ከዳን። ፋርማሲስቱ ሳይሰረዝ ቀረ። እስቲ ኦርሱ ነገ ፍየሎቹን የት እንደሚያሰማራ እናያለን።»

ሳቬሪያ አሁን ገባት። ኦርሱ በእሷ ስም ከንቲባው ያዘዛትን ሰርዞላት፣ የልቧን ምርጫ ደግሞ በራሱ ድምፅ መርጦላታል። እሷን ሸፍኖ ራሱ እሳት ውስጥ ገባ። ዝም ብትል ሊዛንድሩ ይተርፋል፤ ማንም አያውቅባትም።

የቆሻሻው መኪና ዳገቱን እያቃሰተ ሲወጣ ተሰማት። ሊዛንድሩ እየመጣ ነው።

«ቶማ» አለች፤ ብርድ ልብሱን ከአገጯ ገፋ አደረገች። «ኦርሱን ተዉት። የከዳኋችሁ እኔ ነኝ።»