የካቦው መርፌ

ባንተአምላክን ከኮኪት እርሻ በትራክተር ተሳቢ ጭነው ወደ ሆስፒታላችን ያመጡት ቀትር ላይ ነው። ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም የወረደ፣ ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላው ሠራተኛ ነበር። ከንፈሩ ጠቁሯል፤ ሊናገር ሲሞክር ትንፋሹ ይቆረጥበታል።

ያመጣው የሠራተኞቹ ካቦ አሸናፊ እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ፣ “ወባ ናት፣ ዶክተር። አንድ ጉሉኮስ ስጭልኝ፤ ነገ አጨዳ ይገባል” አለኝ።

ደረቱን አዳመጥኩት። በግራ በኩል ትንፋሽ ይሰማል፤ በቀኝ ምንም የለም። ራጅ እንዳላነሳው መብራት ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ሲስተር ሙባረካን፣ “በባትሪ የሚሠራውን አልትራሳውንድ አምጭልኝ” አልኳት።

“ያ እኮ የእርጉዞች ነው!”

“ዛሬ የሱ ነው።”

ጄል ቀብቼ የመሣሪያውን መዳሰሻ፣ ፕሮቡን፣ ግራ ደረቱ ላይ፣ በሁለት ጎድኖች መሐል አሳረፍኩ። ሳንባው ከደረቱ ግድግዳ ጋር የሚነካካበት ነጭ መስመር በትንፋሹ ልክ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል። ወደ ቀኝ አዞርኩት። መስመሩ አለ፤ ግን አይነቃነቅም። ፕሮቡን ወደ ብብቱ እየገፋሁ ሄድኩ። ወደ ጀርባው ጥግ ስደርስ ግማሹ ሲንሸራተት ግማሹ ቆሞ አየሁ። ሳንባው ከደረቱ የተላቀቀው እዚያ ድረስ ነው።

“ወባ አይደለም” አልኩ። “ደረቱ ውስጥ አየር ገብቶ ሳንባውን ጨምድዶታል። ሙባረካ፣ የደረት ቱቦ አዘጋጂ።”

አየሩ ከየት እንደገባ ለማየት በጎኑ አዞርኩት። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። በውኃ አርሼ ስልጠው ሽታው ቀድሞ አፍንጫዬን መታኝ። ከቀኝ ትከሻው ሥር አምስት የመርፌ ቀዳዳ መግል ቋጥሮ አብጧል፤ በላዩ የታኘከ ትንባሆ ተለጥፎበታል።

“ማን ነው የወጋህ?”

ባንተአምላክ ካቦውን በዓይኑ አሳየኝ።

“ጀርባዬን ቢለኝ የሕመም ማስታገሻ፣ ዲክሎ ወጋሁት” አለ አሸናፊ፣ ምንም ሳያፍር። “ሥራ እንዳይፈታ ብዬ ነው። የሚወጋው የሚያመው ቦታ ላይ አይደል?”

“በምን መርፌ?”

ከኪሱ የሱረት ቆርቆሮ አውጥቶ ከፈተልኝ። ጫፉ የጎበጠ፣ ደም የደረቀበት መርፌ ሱረቱ ላይ ተጋድሟል። ሳንባውን የበሳው እሱ ነው።

“በዚህ ስንት ሰው ወግተሃል?”

“ካምፑ ያለውን ሁሉ። ሲደፈን በአፌ እነፋዋለሁ።”

ጓንቴን ቀየርኩና ቱቦውን አስገባሁ። አየሩ እያፏጨ ወጣ፤ የቱቦው ሌላ ጫፍ የተነከረበት የጠርሙስ ውኃ ቡልቅ ቡልቅ ማለት ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ የባንተአምላክ ከንፈር ቀላ። አሸናፊ አንገቱን አስግጎ፣ “ዳነ? መቼ ነው እምትለቂልኝ?” አለ። ፖሊስ አስጠርቼ ቆርቆሮውን በላስቲክ ጠቅልዬ ሰጠሁ፤ አሸናፊንም ወሰዱት።

በማግስቱ አሥራ ሰባት የካምፑ ሠራተኞች በራፌ ላይ ተኮለኮሉ። ሊታከሙ መስሎኝ ነበር።

“ካቦአችንን ያስፈቱልን” አለኝ ጠና ያለው ቢሻው። “አጨዳው ደርሷል። ማን ይወጋናል?”

“በዚያ ቆሻሻ መርፌ? ለምን እዚህ አልመጣችሁም?”

“መጥተናል እኮ፣ ዶክተር። ካርድ ክፍሉ ‘ነገ ኑ’ አለን፤ በነገውም ‘ነገ’ አለን። አንድ ቀን ከሥራ የቀረ ይባረራል። እሱ ማሳው ድረስ ይመጣልናል።”

ያ ካርድ ክፍል ከኔ ክፍል ሁለት በር ነው የሚርቀው፤ በየቀኑ አልፈዋለሁ። ሸሚዛቸውን አስወለቅኳቸው። አሥራ አንዱ ጀርባቸውና ክንዳቸው ላይ መግል ቋጥረዋል። ከሙባረካ ጋር ስንቀድና ስናጥብ ዋልን። ጠረኑ ከፀጉሬ አልለቅ ብሎ ምሳም ራትም አልበላሁም። ደማቸው ሲመረመር አራቱ ላይ ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስ ተገኘ።

ባንተአምላክ በስድስተኛው ቀን ቱቦው ወጥቶለት ወንድሙ መጥቶ ወደ ጎጃም ወሰደው። የአራቱን ውጤት ለመንገር እኔው ራሴ ኮኪት ወረድኩ። ቢሻው ከአራቱ አንዱ ነበር። ማጭዱን መሬት ላይ አስቀምጦ እስክጨርስ ሰማኝ።

“ይሄ ደግሞ መርፌ አለው?” አለኝ።

“የለውም፤ ክኒን ነው። ምናልባት ዕድሜ ልክ” አልኩት።